የአንድ ቀን ሽንፈትና የአሥራ አራት ዓመት ድል

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2025 በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽፊዮንቴክ አሜሪካዊቷን አማንዳ አኒሲሞቫን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ረታቻት። በማግስቱ ወሬውን ስከታተል ዘጋቢዎቹ ደጋግመው ያነሱት አንድ የቆየ ስም ነበር፤ ናታሻ ዝቬሬቫ። በአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 በፓሪስ ነው፤ ተሸናፊዋም እርሷ ነበረች። የሴትዮዋ ስም ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ለዚህ ብቻ መነሳቱ ከነከነኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ስለዚሁ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ናታሻ በ1971 ሚንስክ ውስጥ ተወለደች። ቤላሩስ ያኔ ከሶቭየት ኅብረት ሪፐብሊኮች አንዷ ነበረች። አባቷ የቴኒስ አሠልጣኝ ስለነበሩ ራኬት የጨበጠችው ገና በልጅነቷ ነው። በ17 ዓመቷ ፓሪስ ላይ ታላቋን ማርቲና ናቭራቲሎቫን ጥላ ለፍጻሜ በቃች። እዚያ የጠበቀቻት ግን ስቴፊ ግራፍ ነበረች። ጨዋታው በግማሽ ሰዓት ገደማ አለቀ። ግራፍ በዚያው ዓመት አራቱንም ታላላቅ ውድድሮችና የሴኡልን የኦሊምፒክ ወርቅ ጠቅልላ እንደወሰደች ካሰብን፣ የ17 ዓመቷ ልጅ ሽንፈት ያን ያህል የሚያስገርም አይሆንም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በዓመቱ ያደረገችው ነገር ነው። በዚያ ዘመን የሶቭየት ተጫዋቾች በውጭ አገር የሚያገኙት የሽልማት ገንዘብ ወደ ስፖርት ባለሥልጣናቱ ካዝና ይገባ ነበር፤ ለተጫዋቾቹ የሚደርሳቸው ከዚያ ጋር የማይመጣጠን አበል ነው። ናታሻ በሚያዝያ 1989 አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በተካሄደ ውድድር ለፍጻሜ ደርሳ ዳግመኛ በግራፍ ተሸነፈች። ነገር ግን ገና 18 ዓመት በሞላት ሰሞን፣ ዓለም እየሰማ፣ ላቤን አፍስሼ ያገኘሁት ገንዘብ ለእኔ ይሁን አለች። የበርሊን ግንብ ገና አልፈረሰም፤ ወደ አገሯም መመለስ ነበረባት።

ይህ ታሪክ የነካኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በያዝኩ ሰሞን ብዙ ሌሊት የደከምኩበት ጽሑፍ ታትሞ ክፍያዬን ስጠይቅ፣ «ስምህ ወጥቶልህ የለም እንዴ?» ተብዬ ተመልሻለሁ። አፌን ይዤ ወጣሁ። የሚንስኳ ልጅ ግን አፏን አልያዘችም። ብዙም ሳይቆይ ያሸነፈችውን ገንዘብ በእጇ ማድረግ ቻለች።

ትልቁ ድሏ የመጣው ግን በጥንድ ጨዋታ ነው። የነጠላ ሜዳ ስፋቱ 8.23 ሜትር ሲሆን ለጥንድ ጨዋታ 10.97 ሜትር ይሆናል። ሜዳው ሲሰፋ ተጫዋቾቹ አራት ይሆናሉ፤ ክንደ ብርቱ መሆን ብቻውን አያዋጣም። አንዷ መረቡ ዘንድ ስትጠጋ ሌላዋ ከኋላ የተከፈተውን መሸፈን አለባት፤ የጓደኛን ሐሳብ ቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል። ናታሻ ከ1989 እስከ 1997 በታላላቅ ውድድሮች 18 የጥንድ ዋንጫዎችን አነሳች። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱን ያገኘችው ከፖርቶ ሪኮ ተወላጇ ከጂጂ ፈርናንዴዝ ጋር ሲሆን፣ ሁለቱ ከ1992 የፓሪስ ውድድር እስከ 1993 ዊምብልደን ድረስ ስድስት ታላላቅ ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፈዋል።

ያ ዘመን አገር የፈረሰበትና አዲስ ድንበር የተሰመረበት ነበር። በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ሲደርስ ሁለቱ ጓደኛሞች ተለያይተው ተሰለፉ። ጂጂ ለአሜሪካ ተጫውታ ከሜሪ ጆ ፈርናንዴዝ ጋር ወርቅ ወሰደች። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች ገና ዓመት ስላልሞላ፣ ናታሻ አብዛኞቹ ሪፐብሊኮች በጋራ ላሰለፉት ቡድን ተጫውታ ከጆርጂያዋ ሌይላ መስኪ ጋር ነሐስ አገኘች። ከዚያም ጂጂና ናታሻ እንደገና ጎን ለጎን ቆመው የኒውዮርኩን ዋንጫ አነሱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በመንግሥታት ላይ አልሠራም እንጂ በእነርሱ ላይ ሠርቷል።

በ1998 ደግሞ ዊምብልደን ላይ ናታሻ በነጠላ ስቴፊ ግራፍን አሸንፋ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጓዘች። የፓሪሷ ዕዳ ከአሥር ዓመት በኋላ ተከፈለች ማለት ነው። ይህን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በ2002 ውድድር ስታቆም የጥንድ ዋንጫዎቿ ጠቅላላ ቁጥር 80 ደርሶ ነበር፤ በነጠላ ያገኘቻቸው ግን አራት ናቸው። በ2010 ዓለም አቀፉ የቴኒስ የዝና አዳራሽ ስሟን ሲመዘግብ ከጂጂ ጋር በአንድ ቀን ነበር። ብቻዋን የተሸነፈችበትን ግማሽ ሰዓት የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ይዞታል፤ ከሌላ ሰው ጋር ተደጋግፋ ያሸነፈችባቸው ዓመታት ግን ፈላጊ ይሻሉ። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ተጫዋች 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ተሸንፋ የናታሻ ስም ሲነሳ ከሰሙ፣ አጠገብዎ ላለው ሰው አሥራ ስምንቱን ዋንጫዎችም ይንገሩልኝ።