ጽሑፉ አለቀ፣ ሴሚስተሩ ጎደለ

በ1894 ጸደይ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የ26 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ በርሊን ውስጥ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፉን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ጽሑፉ የሚያተኩረው በደቡባዊ አሜሪካ ግብርና፣ በትልልቅና በትንንሽ እርሻዎች አያያዝ ላይ ነው። መምህሩ ጉስታቭ ሽሞለር በዘመኑ ከነበሩት የጀርመን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ሲሆን ተማሪውን ይደግፈው ነበር። ችግሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በዩኒቨርሲቲው ደንብ ለዶክትሬት ፈተና የሚቀርብ ሰው መማር ያለበት የሴሚስተር ብዛት ተወስኗል፤ እሱ ደግሞ አልሞላም። በርሊን ቆይቶ ለመሙላት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን የሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት ግን ለሦስተኛ ዓመት አልከፍልም አለ። ተማሪው ያለቀ ጽሑፍ ይዞ፣ ያለ ዲግሪ አገሩ ገባ። ስሙ ዊልያም ኤድዋርድ በርገርት ዱ ቦይስ ይባላል።

ዱ ቦይስ ዛሬ የሚታወሰው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ፣ በመጻሕፍቱና በፓን አፍሪካ ንቅናቄ ውስጥ በነበረው ቦታ ነው። የበርሊኑ ጉዳይ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ አይሰጠውም። ሆኖም "መቼ ነው የምትጨርሰው?" የሚለው ጥያቄ በየሰርጉና በየለቅሶው ለሚከተለው የዶክትሬት ተማሪ፣ ከዝናው ይልቅ ይህ ጉዳይ ብዙ ይነግረዋል። መጨረስ የተማሪው ጉብዝና ብቻ ሳይሆን የደንብና የእንጀራ ጉዳይም ነውና።

የዶክትሬት ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ለዓመታት የሚታገለው ወፍራም ጥራዝ አልነበረም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁ ቦታ የቃል ክርክር ነበር። የክርክሩን መነሻ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ክርክሩን የሚመራው ፕሮፌሰር ራሱ ሲሆን፣ የተማሪው ድርሻ በአደባባይ ቆሞ መከላከል ነበር። ተማሪው ራሱ መርምሮ አዲስ ዕውቀት ያምጣ የሚለው ግዴታ የጠነከረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በ1810 የተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲም የአዲሱ ሥርዓት ምሳሌ ሆነ። አሜሪካኖችም ወሰዱት። ዬል በ1861 የመጀመሪያዎቹን ሦስት የፍልስፍና ዶክተሮች አስመረቀ። በ1876 ባልቲሞር ላይ ሥራ የጀመረው ጆንስ ሆፕኪንስ ደግሞ፣ በፕሬዚዳንቱ በዳንኤል ጊልማን መሪነት፣ ገና ከጅምሩ ለ20 ተመራማሪዎች በዓመት 500 ዶላር መደበ። ምርምር ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ጊዜም በገንዘብ እንደሚገዛ መሥራቾቹ ገብቷቸው ነበር።

ይህን የአገራችን የአብነት ትምህርት ቤትም ያውቀዋል። ቅኔ ሊማር ከቀዬው የራቀ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጃፉ ይቆማል። ልመናው የትምህርቱ አካል ነው እንጂ ነውር አይደለም። መንደሩ ቁራሽ እየሰጠ ተማሪውን ለመምህርነት ያበቃል።

የዱ ቦይስ ልመና በደብዳቤ ነበር። ለጥቁር አሜሪካውያን ትምህርት የተቋቋመው የስሌተር ድርጅት ሊቀ መንበር የቀድሞው ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ ነበሩ። በ1890 ሄይስ፣ አውሮፓ ልከን የምናስተምረው ብቁ ጥቁር ወጣት አላገኘንም የሚል ይዘት ያለው ንግግር ማድረጋቸው በጋዜጣ ወጣ። ዱ ቦይስ አነበበና "እኔ አለሁ" ብሎ ጻፈ። እምቢ ሲሉት ደግሞ ጻፈ። በ1892 ድርጅቱ 750 ዶላር ፈቀደለት፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ብድር። በ1893 መጀመሪያ ሄይስ ሲሞቱ በቦታቸው የተተኩት እነዚያው የሆፕኪንሱ ጊልማን ናቸው። የ1894ቱ እምቢታ የመጣው በእሳቸው ሊቀ መንበርነት ዘመን ነው። ጊዜ በገንዘብ እንደሚገዛ ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁ ሰው፣ ለዚህ ተማሪ የጎደሉትን ወራት አልገዙለትም።

ዱ ቦይስ ሲመለስ ሥራ ያገኘው ኦሃዮ፣ ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ደመወዙ በዓመት 800 ዶላር። ላቲን፣ ግሪክ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ አስተማረ። የበርሊኑን ጽሑፍ እያገላበጠ ሲቆዝም ግን አልተገኘም። ወደ አውሮፓ ከመሄዱ በፊት በሃርቫርድ የጀመረው ሌላ ምርምር ነበረው፤ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ይካሄድ የነበረው የባሪያ ንግድ እንዴት እንደታገደ የሚያጠና። ከዚያ ሥራ የተወሰነውን በታኅሣሥ 1891 ዋሽንግተን ላይ በአሜሪካ የታሪክ ማኅበር ጉባኤ አቅርቦታል። ሊያልቅ የሚችለውን አነሣና ጨረሰው። በ1895 ዶክትሬቱን አገኘ፤ ጽሑፉም በ1896 የሃርቫርድ የታሪክ ጥናቶች ተከታታይ የመጀመሪያ ቅጽ ሆኖ ታተመ።

መጽሐፉ ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። በ1954 እንደገና ሲታተም፣ በ86 ዓመቱ፣ ዱ ቦይስ ራሱ ጉድለቱን የሚናገር ማስታወሻ ጨመረበት፤ ሲጽፈው ማርክስንና ፍሮይድን በቅጡ አለማወቁን አልሸሸገም። ይህን ለማየት የቻለው ግን መጀመሪያ ስለጨረሰው ነው። አማርኛችን ይህን የጽሑፍ ዓይነት "ማሟያ" ማለቱ ልክ ነው። ማሟያ የጎደለውን ይሞላል፣ ሰውየውንም ወደሚቀጥለው ሥራ ያሻግረዋል። የዕድሜ ልክ ሥራ እንዲሆን የሚጠብቅበት ተማሪ ከስሙ በላይ ጭኖበታል።

ከእኛዎቹ የታሪክ ሊቃውንት ሁለቱን ማስታወስ ይበቃል። ታደሰ ታምራት በ1968፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 ለንደን በሚገኘው የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ዶክትሬታቸውን አገኙ። የታደሰ ጽሑፍ በአራት ዓመት ውስጥ በኦክስፎርድ ታትሞ ስለ መካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ለሚያጠና ሁሉ መነሻ ሆነ። የመርዕድ ግን ለረጅም ዘመን መጽሐፍ ሳይሆን ቆየ። ያም ሆኖ የ16ኛውንና የ17ኛውን መቶ ዘመን ኢትዮጵያ የሚመረምሩ ሰዎች በታይፕ የተመታውን ጥራዝ እየፈለጉ ጠቀሱት፤ ዛሬም ይጠቅሱታል። ታተመም አልታተመም፣ ያለቀ ሥራ አንባቢውን ያገኛል።

ያላለቀው ግን ብዙ ነው። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ጥናት፣ በሰብዓዊ ጥናት ዘርፎች ዶክትሬት ከጀመሩት መካከል በ10 ዓመት ውስጥ የጨረሱት 49 በመቶ ነበሩ፤ በምህንድስና 64 በመቶ። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከመሐንዲሱ ይሰንፋል ብሎ የሚደመድም ሰው የበርሊኑን ታሪክ ይመልከት። ላቦራቶሪ ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ በመምህሩ የምርምር ገንዘብ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይሠራል። የሰብዓዊ ጥናት ተማሪ ድጎማው ሲያልቅ ቀን እያስተማረ ወይም ሌሊት ፈረቃ እየገባ፣ ምዕራፉን ብቻውን ይጽፋል። ቤተሰብ አገር ቤት ካለ ደግሞ የሚላክም አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጽሑፉ ቢዘገይ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው "ምን አነሰው?" እንጂ "ምን ነካው?" አይደለም።

በ1958 ያው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ሁምቦልት ተብሎ፣ ለዱ ቦይስ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ያለ ዲግሪ ከተመለሰ 64 ዓመት አልፎ ነበር፤ ሰውየውም 90 ሞልቶታል። ክብሩን በደስታ ተቀበለ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ያስተማረው፣ የጻፈውና የተሟገተው በዊልበርፎርስ ደመወዝ እየኖረ ባገኘው በሌላኛው ዲግሪ ነው።