የሦስት ወሩ መርፌ ታሪክ

ከአገር ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ ደላላው «ዴፖውን ሳትወጊ እንዳትሄጂ» አለኝ። ለምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገድ ላይም ሰው ቤትም የሚያጋጥመው አይታወቅም። ቀድሞም እወጋ ስለነበር ሄጄ ሰባተኛዬን ተወጋሁ። ነርሷ «የወር አበባሽ ሊቀር ይችላል፣ አትደንግጪ» ብላ ካርዴ ላይ ቀኑን ጻፈችልኝ። ስለ ጭንቅላት ያነሳ ሰው የለም። እሷ ደብቃኝ አይደለም፤ ያኔ ማን ያነሳው ነበር?

በኋላ ይኼ መርፌ ከአንጎል ዕጢ ጋር ስሙ ሲነሳ ሰማሁና ታሪኩን መፈለግ ጀመርኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መድኃኒቱን የሠራው አፕጆን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1967 ለወሊድ መከላከያ ይፈቀድልኝ ብሎ አመለከተ። በዚያው ዓመት አትላንታ ከተማ፣ ግሬዲ በተባለው ሆስፒታል ክሊኒክ፣ በሴቶች ላይ መሞከር ተጀመረ። ሙከራው እስከ 1978 ቆየ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተወጉ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ድሆች። በ1978 የአሜሪካ መንግሥት አልፈቅድም አለ፤ አንዱ ምክንያት መርፌው የተሞከረባቸው ውሾች ጡት ላይ ዕጢ መውጣቱ ነበር። የተፈቀደው በ1992 ነው። እስከዚያ ግን በሌሎች ብዙ አገሮች ሴቶች ይወጉት ነበር። በ2004 ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ አጥንት እንደሚያሳሳ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ጡት፣ ቀጥሎ ስለ አጥንት ተጠየቀ። የጭንቅላቱ ጥያቄ መጨረሻ መጣ።

የእኛን ሰዎች ስም ያስነሳበትም ጊዜ አለ። በ2012 መጨረሻ የእስራኤል ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች ምን እንደሆነ በደንብ ሳይነገራቸው ዴፖ ይወጉ እንደነበር አቀረበ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴሩ፣ ሴትዮዋ የሚያስከትለውን አልተረዳችም የሚል ጥርጣሬ ካለ መርፌው እንዳይደገምላት ሐኪሞችን አዘዘ። በ2016 የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ ያለ ፈቃዳቸው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። እኔ ግን «ፈቅደሻል» እና «ገብቶሻል» አንድ አይመስሉኝም። እኔም ፈቅጄ ነው የተወጋሁት።

አሁን ወደ ዕጢው። ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ሃርቪ ኩሺንግ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1922። አገር ቤት የምንፈራው ማጅራት ገትር አይደለም፣ አትሳሳቱ። አንጎልን ከሸፈነው ስስ ቆዳ ላይ ይበቅላል። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ግን ሲያድግ አንጎልን ይጫናል፣ ዓይን ያደክማል፣ አንዳንዷን እንደሚጥል በሽታ ይጥላታል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል፣ አንዳንዱም በእርግዝና ጊዜ ቶሎ ያድጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ሆርሞንን መጠርጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። ዴፖ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን የሴት ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው።

ቁጥሩ የወጣው በመጋቢት 2024 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለዚህ ዕጢ የተቀደዱ 18,061 ሴቶች ከሌሎች ሴቶች ጋር ተነጻጸሩ። መርፌውን ቢያንስ አንድ ዓመት የወሰዱት ላይ፣ ለቀዶ ሕክምና የመድረሱ ዕድል 5.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ ላይ ግን ጭማሪ አልታየም። እህቶቼ፣ አትሸበሩ፤ ዕጢው ራሱ ብርቅ ስለሆነ ብርቅ ነገር 5 እጥፍ ሲሆንም ያው ጥቂት ነው።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከነዚያ 18,061 ሴቶች ዴፖ የወሰዱት 9 ብቻ ነበሩ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ አይወጉትማ! ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 በተደረገው የናሙና ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 23ቱ የመርፌ ተጠቃሚ ነበሩ። በብዛት የምንወጋው እኛ ሆነን፣ የታወቀው ከ9 ፈረንሳይ አገር ያሉ ሴቶች ነው።

ራሴን ሲያመኝ ማዳም ፓናዶል ትሰጠኛለች። ከመርፌው ነው አልልም፤ አራት ሰዓት ብቻ መተኛትም ራስ ያሳምማል። ግን የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ያለባት እህት መርፌውን ለሐኪም ትናገር፣ ሌላ መከላከያም ሳትይዝ ዝም ብላ አታቋርጥ። እኔ ካርዴን ከሻንጣ አውጥቼ ሰባቱን ቀኖች ቆጠርኩ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዐረብኛ መጻፍ የምትችል ጓደኛዬ በትንሽ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ «7 ጊዜ» እና የመጨረሻውን ቀን ጻፈችልኝ። ወረቀቱ ስልኬ ሽፋን ውስጥ አለ፤ ሐኪም ቤት የተወሰድኩ ቀን አሳየዋለሁ።