ከሱስ ያገገሙ ሰዎች የመብት ንቅናቄ (አሜሪካ)

ከሱስ ያገገሙ ሰዎች የመብት ንቅናቄ በአሜሪካ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያገገሙ ወይም በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች ከቤተሰቦቻቸውና ከደጋፊዎቻቸው ጋር ተደራጅተው ሕግንና የሕዝብን አመለካከት ለመለወጥ የሚሠሩበት ማኅበራዊ እንቅስቃሴ ነው። ከንቅናቄው ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ሥልጠና ነው። ታሪኩን በዝግ ስብሰባ ብቻ ሲናገር የኖረ ሰው በምክር ቤት፣ በጋዜጠኛ ወይም በሰፈር ነዋሪዎች ፊት እንዴት እንደሚናገር፣ ሌሎችን እንዴት እንደሚያደራጅና ከባለሥልጣን ምን እንደሚጠይቅ ይማርበታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምን የመሰወር ልማድ

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የመረዳጃ ኅብረት በ1935 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በአክሮን ከተማ በቢል ዊልሰንና በሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ተመሠረተ። የኅብረቱ አባላት በጋዜጣ፣ በራዲዮና በፊልም ማንነታቸውን አይገልጹም። ኅብረቱም ከራሱ ሥራ ውጭ ባሉ የፖለቲካና የሕግ ጉዳዮች አቋም አይወስድም። ይህ ደንብ አባላትን ከኀፍረትና ከሥራ መባረር ጠብቋል፤ ኅብረቱንም ከክርክር አርቋል።

ደንቡ ያስከተለው ችግርም ነበር። ያገገሙት ሲሰወሩ ለሕዝብ የሚታየው የወደቀውና የታሰረው ሱሰኛ ብቻ ሆነ። ስለ ሕክምና፣ ስለ ቅጣትና ስለ መኖሪያ ቤት የሚወጡ ሕጎችም ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች ሳይሰሙ ይወጡ ነበር።

የንቅናቄው መነሻ

በ1944 ማርቲ ማን የተባለች ሴት ስለ አልኮል ሱስ ሕዝብን የሚያስተምር ብሔራዊ ኮሚቴ መሠረተች። እርስዋ ራስዋ በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ አማካይነት ከመጠጥ ከተላቀቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። ትምህርትዋ በሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል፦ የአልኮል ሱስ በሽታ ነው፤ ታማሚው ሊረዳ ይችላል፣ መረዳትም ይገባዋል፤ ጉዳዩ የሕዝብ ጤና ችግር ስለሆነ ኃላፊነቱ የሕዝብ ነው።

በ1969 ከመጠጥ ሱስ ያገገሙት የአዮዋ ሴናተር ሃሮልድ ሂዩዝ በመሩት የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ማርቲ ማን የምስክርነት ቃል ሰጠች። ዊልሰንም የኅብረቱን ደንብ ጠብቆ «ቢል ደብሊው» በሚል ስም ብቻ መሰከረ። በሴናተሩ ስም የሚጠራው ሕግ በ1970 መጨረሻ ሲጸድቅ ስለ አልኮል ሱስ የሚያጠና ብሔራዊ ተቋም ተቋቋመ። በ1976 ደግሞ 52 ታዋቂ ሰዎች በዋሽንግተን ዲሲ በአንድ መድረክ ቆመው ከአልኮል ሱስ ማገገማቸውን ተናገሩ። ጠፈርተኛው በዝ ኦልድሪን ከእነርሱ አንዱ ነበር።

በ1980ዎቹ ግን «በዕፅ ላይ ጦርነት» የተባለው ፖሊሲ ቅጣትን አጠነከረ። በ1986 የወጣው ሕግ አንድን ዝቅተኛ የእስራት ቅጣት ለማስከተል ከሚያስፈልገው የዱቄት ኮኬይን መጠን መቶ እጅ ያነሰ ክራክ በቂ እንዲሆን አደረገ። ክብደቱም ይበልጥ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ አረፈ። በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ በዕፅ ምክንያት በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ከመንግሥት የምግብ ድጎማ ዕድሜ ልካቸውን እንዲታገዱ ደነገገ፤ ክፍለ ሀገሮች እገዳውን እንዲያነሱ ወይም እንዲያሻሽሉ ግን ፈቀደ። ስለዚህ ሰውየው ዕፁን ከተወ በኋላም ቅጣቱ ይከተለው ነበር።

የተበታተኑት የአካባቢ ማኅበራት በ2001 በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በሴንት ፖል ከተማ ጉባኤ አደረጉ። ከዚህ ጉባኤ «የማገገም ፊቶችና ድምፆች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ብሔራዊ ድርጅት ተወለደ።

የሥልጠናው ይዘት

ሥልጠናው በየማኅበሩ ቢለያይም የሚከተሉት ክፍሎች በብዛት ይገኙበታል።

የቃላት ምርጫ። ሠልጣኙ ራሱን «ሱሰኛ» ብሎ ከማስተዋወቅ ይልቅ «በማገገም ላይ ያለ ሰው ነኝ» ማለትን ይለማመዳል። ቀጥሎም ይህ ለእርሱ ምን ማለት እንደሆነ በኑሮው ያስረዳል፦ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ ወደ ሥራ መመለሱን፣ ልጆቹን ማሳደጉን። የመረዳጃ ኅብረቱን ስም ግን አይጠራም። በዚህ መንገድ የኅብረቱን ደንብ ሳይጥስ ስለ ራሱ ማገገም በይፋ መናገር ይችላል።

ታሪክን መቅረጽ። በመረዳጃ ስብሰባ ላይ የሚነገር ታሪክ ረጅም ነው፤ በውድቀቱ ዘመን ላይም ብዙ ይቆያል። በምክር ቤት ፊት የሚሰጥ ምስክርነት ግን ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች የተወሰነ ስለሆነ ከአንድ ጥያቄ ጋር መያያዝ አለበት። ለምሳሌ ሥራ አጥቶ የተቸገረ ሰው ዕፅ ይወስድ የነበረበትን ዘመን ከመተረክ ይልቅ፣ የቆየ የወንጀል መዝገቡ የሙያ ፈቃድ እንዴት እንዳስከለከለውና የትኛው አንቀጽ እንዲሻሻል እንደሚፈልግ ይናገራል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የአደራጆች መምህር ማርሻል ጋንዝ ይህን የአነጋገር ስልት «የእኔ፣ የእኛና የአሁኑ ታሪክ» በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ከፍሎ አስተምሯል።

የአንድ ለአንድ ውይይት። አደራጁ ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ የሚያስጨንቀውንና ሊሠራበት የሚፈልገውን ጉዳይ ያዳምጣል። ይህ ዘዴ በ1940 በቺካጎ በሶል አሊንስኪ ከተመሠረተው የአደራጆች ተቋም ጋር የተያያዘ ነው።

የሥልጣን ካርታ። ሠልጣኞች የሚፈልጉትን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ፣ በእርሱ ላይ ማን ተሰሚነት እንዳለው፣ ማን እንደሚደግፍና ማን እንደሚቃወም በወረቀት ላይ ያሰፍራሉ።

የሕግ ወሰን። በአሜሪካ ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለምርጫ እጩ መቀስቀስ አይፈቀድላቸውም። ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዲሻር መወትወት ግን በገደብ ተፈቅዶላቸዋል።

የተገኙ ውጤቶች

በመኖሪያ ቤት ረገድ ኦክስፎርድ ሀውስ በ1975 በሜሪላንድ የተጀመረ፣ ያገገሙ ሰዎች ኪራዩን ተጋርተው ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የጋራ ቤት ነው። በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር የምትገኘው የኤድመንድስ ከተማ፣ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች በአንድ ቤት ከአምስት በላይ እንዳይኖሩ የሚከለክለውን ደንብ ጠቅሳ ቤቱን ተቃወመች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ይህ የከተማዋ ገደብ ከፌዴራሉ የቤት አድልዎ ክልከላ ሕግ ውጭ እንደማይሆን ወሰነ።

በ2008 የጸደቀው የሕክምና እኩልነት ሕግ ደግሞ የሱስ ሕክምናን የሚሸፍኑ የቡድን የጤና መድኖች ለሌሎች ሕመሞች ከሚያደርጉት የጠበቀ ገደብ እንዳያደርጉ ከለከለ። ሕጉን በተወካዮች ምክር ቤት ከመሩት ዋነኞቹ ዴሞክራቱ ፓትሪክ ኬኔዲና ሪፐብሊካኑ ጂም ራምስታድ ሲሆኑ ሁለቱም ማገገማቸውን በይፋ የተናገሩ ናቸው።

የፍሎሪዳው ዘመቻ

በፍሎሪዳ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላም የመምረጥ መብቱ አይመለስለትም ነበር። መብቱን ለማስመለስ ዓመታት ጠብቆ ለክፍለ ሀገሩ የምሕረት ቦርድ ማመልከት ነበረበት። ዴዝመንድ ሚድ ዕፅ ተጠቃሚ፣ እስረኛና ቤት አልባ ነበር። በ2005 ራሱን ለማጥፋት አስቦ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ቆሞ እንደነበረ ተናግሯል። ከዚያ ወደ ሕክምና ገባ፤ ቆይቶም በሕግ ተመረቀ። በመሪነት ያገለገለበት የመብት ማስመለሻ ጥምረት ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ከ766,200 በላይ ፊርማ በማሰባሰቡ ሥራ ግንባር ቀደም ሆነ።

ለማሸነፍ 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በኅዳር 2018 ማሻሻያው ወደ 65 በመቶ አገኘ። በግድያና በከባድ የወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ግን አልተካተቱም። በ2019 የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት መብቱ የሚመለሰው በፍርዱ የተጣሉ መቀጮዎችና ክፍያዎች ሲከፈሉ ነው የሚል ሕግ አወጣ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2020 ሕጉን አጸና። ስለዚህ ጥምረቱ ዕዳ ላለባቸው ሰዎች ገንዘብ ወደ ማሰባሰብ ዞረ።

የሚነሡ ክርክሮች

በይፋ መናገር ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም። ጠፈርተኛ ወይም የምክር ቤት አባል ሲናገር በብዛት ይወደሳል፤ በአሳዳጊነት ክርክር ላይ ያለች እናት ወይም በቅርቡ የተቀጠረ ሠራተኛ ግን ልጅን ወይም እንጀራን ሊያጣ ይችላል። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ያገገሙትን ከአድልዎ ይጠብቃል፤ በአሁኑ ወቅት ሕገወጥ ዕፅ የሚወስደውን ግን በዚያ ምክንያት አይጠብቅም። ስለዚህ ሱሱ ያገረሸበት ሰው ከለላውን ሊያጣ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያደርጉ አሠልጣኞች ሰውየው ከመናገሩ በፊት ቤተሰቡን እንዲያማክርና ሳይናገርም በአደራጅነት ማገልገል እንደሚችል እንዲያውቅ ያደርጋሉ።

ሌላው ክርክር «ያገገመ» የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። አንዳንዶች ቃሉን ከማንኛውም ዕፅ ፈጽሞ ለራቀ ሰው ብቻ ይሰጣሉ። ሌሎች ግን በሐኪም ትእዛዝ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰደ ኑሮውን ያቃናም አገግሟል ይላሉ። ክርክሩ የቃል ብቻ አይደለም፤ በየማኅበሩ ማን አባል እንደሚሆንና በስማቸው ማን እንደሚናገር የሚወሰነው በእርሱ ነውና።