የደረቀ ጉድጓድ ፍርድ አይሆንም

ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣው አውራ ጎዳና ኮልፌ ቀራንዮን ተከትሎ ወደ ጅማ ያመራል፤ ከጅማም በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ይወርዳል። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ገና ከከተማው ሳይወጡ፣ «ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ» የሚባል ሰፈር ይገኛል። ሰፈሩ የሚጠራበት ስም የነዳጅ ኩባንያ ስም ነው። ይኸው ኩባንያ በ1980 በያኔዋ ሱዳን ደቡባዊ ክፍል፣ ከጋምቤላ ማዶ፣ እጅግ ሰፊ የፍለጋ ክልል ተረክቦ ነበር። በዚያ ምድር የሚሰማሩት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ደግሞ በየዓመቱ ወሰን ተሻግረው ወደ ጋምቤላ ይመጣሉ። ስለዚህ የነዳጅና የዱር አራዊት ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የራሳችን መንገድ መነሻና መድረሻ ነው።

የዓመታዊው መጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ጋር የተያያዘ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ርእስ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለማሳየት የምፈልገውም አንድ ነገር ነው። አገራችን በነዳጅ ፍለጋና በዱር አራዊት ጥበቃ መካከል ያለውን ክርክር በአደባባይ መርምራ አልፈረደችበትም፤ ክርክሩ በየጊዜው የተቋረጠው ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለና የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር ዘመኑ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

፩. መንትያ ውጥኖች

ሁለቱ አሳቦች በመንግሥታችን ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ያደጉ ናቸው። የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 የወጣው በ1944 ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት በ1945 የአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ በኢትዮጵያ ነዳጅ እንዲፈልግ የ50 ዓመት ውል ተሰጠው። ሲንክሌር በኦጋዴን ለአሥር ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሳያገኝ ተመለሰ።

ጥበቃው በበኩሉ ቀስ ብሎ ተራመደ። በ1963 ሰር ጁሊያን ሃክስሊ የተገኙበት የዩኔስኮ የጥናት ቡድን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ አሳሰበ። አዋሽና ሰሜን በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። በ1970 የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ራሱን ችሎ ቆመ። ከዚያም ሁለቱ ውጥኖች ዳግመኛ ተገናኙ፤ በ1973 ቴኔኮ የተባለው ኩባንያ በኦጋዴን የካሉብን የተፈጥሮ ጋዝ ሲያገኝ፣ በ1974 በሌላው የአገሪቱ ጫፍ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ።

ይሁን እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር እንዲነጋገር የተበጀ ሥርዓት አልነበረም። የማዕድን መሥሪያ ቤት የራሱን ካርታ ይሥላል፤ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። ሁለቱ ካርታዎች ተደራርበው የሚታዩበት ጠረጴዛ ግን አልተዘረጋም።

፪. ጋምቤላ

የጋምቤላ ፓርክ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ፣ በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል ባለው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ሲቋቋም ዋና ዓላማው ነጭ ጆሮ ቆርኬንና ናይል ሌችዌ የተባለውን ረግረግ ወዳድ አጋዘን መጠበቅ ነበር። ነገር ግን እንደ አዋሽና እንደ ሰሜን በነጋሪት ጋዜጣ አልታወጀም። ወሰኑ በወረቀት ላይ ተሠመረ እንጂ የሕግ ጉልበት አላገኘም። በ1980ዎቹ የአልዌሮ ግድብና ለጥጥ እርሻ የታሰበው መሬት ወደዚያው አካባቢ መጡ፤ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞችም በኢታንግና በፉኝዶ ሰፈሩ። እያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻው ሲታይ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ወሰኑ ያልታወጀው ፓርክ ግን ለማንኛቸውም «ቆይ፣ እንመካከር» ለማለት አልቻለም።

ነዳጁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሼቭሮን በደቡባዊ ሱዳን ዘይት ማግኘቱ፣ ያው የመሬት አቀማመጥ ወሰኑን አልፎ ወደ እኛ ይዘልቅ ይሆናል የሚል ተስፋ አሳደረ። በሰኔ 1995 ዓ.ም. የማሌዥያው ፔትሮናስ ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የጋምቤላ ክልል በውል ተረከበ፤ ይህም የፓርኩን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህላል። የመስኩን ሥራ የቻይናው ዦንግዩዋን ድርጅት ያዘ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የሴይስሚክ ጥናት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ባያሻም፣ በሜዳው ላይ የሚተወውን አሻራ ማስታወስ ይገባል። መስመሩ በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ይሠመራል፤ መሬት ላይም ሣሩና ቁጥቋጦው ይመነጠርለታል፤ በየተወሰነ ርቀት መሬቱ በፈንጂ ወይም በሚያንቀጠቅጥ ከባድ ተሽከርካሪ ይመታል፤ ከጥልቁ የሚመለሰው ሞገድ ተመዝግቦ የድንጋዩ ንጣፍ አቀማመጥ ይታወቃል። መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ መስመሩ ግን መንገድ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ በእግር ቀናት የሚፈጀውን ረግረግ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ በተሽከርካሪ ይደርስበታል። በብዙ አገሮች እንደ ታየው ለአራዊቱ ከጉድጓዱ ይልቅ የሚከፋው ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ነው።

በጊዜው የነበረውን የፖለቲካ አየርም መዘንጋት አይገባም። ውሉ በተፈረመ በስድስት ወር፣ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም.፣ በጋምቤላ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋኮች ተገደሉ። ግድያው ከነዳጁ ጋር ነበረው የተባለው ግንኙነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን፣ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ስለ ነዳጁም ሆነ ስለ አራዊቱ ያለ ሥጋት ተሰብስቦ ሊመክር የሚችልበት ወቅት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ካልተከራከሩበት፣ ሕዝቡም ካልተጠየቀበት፣ ክርክሩን ሊያደርግ የሚችል ማን ቀረ?

በ2006 በጂካው በኩል የተቆፈረው የፍለጋ ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሳይገኝበት ቀረ፤ በ2010ም ፔትሮናስ ከኢትዮጵያ ወጣ። ፓርኩ የተረፈው በዚህ መንገድ ነው። ይህም ቢሆን ዕረፍቱ አልረዘመም፤ በዚያው በ2010 ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100,000 ሄክታር ለእርሻ ያዘ፤ መሬቱም የቆርኬዎቹን መተላለፊያ የሚነካ ነበር። የእርሱም ነገር ያበቃው እርሻው እንደ ታሰበው ሳይሆን ቀርቶ በ2015 ውሉ ስለ ተሰረዘ ነው።

፫. ኦሞና ባቢሌ

ተመሳሳዩ ታሪክ በደቡብ ኦሞም ተደገመ። የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ከ1960ዎቹ፣ ማጎ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆዩ ናቸው፤ የታችኛው ኦሞ ሸለቆም በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከኬንያ በኩል በቱርካና ዘይት መገኘቱ በ2012 በተነገረ ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ ሰሜን ዞረ። ቱሎው ከአፍሪካ ኦይልና ከማራቶን ጋር ሆኖ በጥር 2005 ዓ.ም. ሳቢሳ የተባለውን ጉድጓድ ቆፈረ፤ ቱልቱሌ ተከተለ፤ በጨው ባሕር በኩል ደግሞ ሺመላና ጋርዲም ተቆፈሩ። አራቱም ለምርት የሚበቃ ነገር አልሰጡም፤ ኩባንያዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

በምሥራቅ፣ በባቢሌ የዝሆን መጠለያ የሆነው ከዚህ ጥቂት ይለያል። እዚያ የተፈለገው ዘይት ከመሬት ሥር የሚወጣ ሳይሆን ከጉሎ ፍሬ የሚጨመቅ ነበር። በ2007 አንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ እርሻ መሬት ሲሰጠው፣ ከመሬቱ ከፊሉ በመጠለያው ክልል ውስጥ መሆኑ ታወቀ። የዱር አራዊት ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ የክልልና የፌዴራል ሥልጣን ወሰንም ጥያቄ ሆኖ ተነሣ። ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነተኛ ክርክር ተጀመረ። የዚህም ፍጻሜ ግን የጎላ ብይን አልነበረም፤ የጉሎው እርሻ ያሰበውን ሳያደርስ ቀረ።

ጂካው፣ ሳቢሳ፣ ባቢሌ፤ በሦስቱም ሥፍራ አራዊቱን ያዳናቸው የባለሀብቱ ዕድል መጥፋት ነው። ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ወገን አይቆምም። በኦጋዴን ከ1973 ጀምሮ የተኛው ጋዝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢፈጅም የትም አልሄደም፤ በ2018 በዚያው በኦጋዴን ሙከራ ድፍድፍ ዘይት ወጥቷል። ነገ በጋምቤላ የተሻለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ፈላጊ አይኖርም የሚል ካለ፣ የሙያችንን እርምጃ አላጤነም ማለት ነው።

፬. ክርክር ባለበት አገር

በአላስካ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው የአርክቲክ የዱር አራዊት መጠለያ በ1960 ተቋቋመ። በ1980 የአሜሪካ ምክር ቤት መጠለያውን በሕግ ሲያሰፋ፣ ዘይት ይገኝበታል ተብሎ የታሰበውን 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳር ሜዳ ለይቶ፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይቆፈር አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ተከራከሩበት። በ1995 ምክር ቤቱ ቢፈቅድም ፕሬዚዳንት ክሊንተን በድምፅ የመሻር ሥልጣናቸው አገዱት፤ በ2017 ሌላ ሕግ ከፈተው፤ በጥር 2021 የመጀመሪያው ጨረታ ተካሄደ፤ በጥር 2025 በተደረገው ጨረታ ደግሞ አንድም ተጫራች አልቀረበም። የአካባቢው ነባር ሕዝብ እንኳ በአንድ አሳብ አልቆመም። በካሪቡ አጋዘን የሚኖሩት ግዊችኖች ቁፋሮውን ሲቃወሙ፣ በባሕሩ ዳር ካሉት ኢኑፒያቶች ብዙዎቹ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት የሚሆን ገቢ ያስገኛል ብለው ደገፉት።

በኢኳዶርም በነሐሴ 2023 ሕዝቡ በያሱኒ ፓርክ ሥር ያለው ዘይት ባለበት እንዲቀር በ59 በመቶ ድምፅ ወሰነ።

እነዚህን ያነሣሁት የእነርሱን ውሳኔ እንድንቀዳ አይደለም። አገራችን ነዳጅዋን ከውጭ የምትገዛና ለዚህም በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የምታወጣ ናት፤ የጋምቤላ እናት ሐኪም ቤት ያስፈልጋታል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል በ2007 ከጋምቤላ ማዶ በተደረገ የአየር ቆጠራ፣ ጦርነቱ ጨርሷቸዋል ተብለው የነበሩት አጋዘኖች ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ፤ በ2024 ይፋ የሆነው ቆጠራ ደግሞ ቁጥራቸውን ወደ 6 ሚሊዮን አደረሰው፤ ከእነዚህም 5 ሚሊዮኑ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በምድር ላይ ከሚታወቁት የአጥቢ እንስሳት ጉዞዎች ታላቁ ነው የተባለው የእኛን ወሰን የሚያቋርጠው ጉዞ ነው። ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ነገር ይህን ያህል ከባድ ሲሆን፣ ነገሩን ለዕጣ መተው ለሁለቱም ንቀት ነው።

፭. የእኛ ድርሻ

ሕጉ ዛሬ ከቀድሞው ይሻላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥተዋል። ሆኖም ግምገማው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ውል ከተፈረመ፣ ገንዘብ ከወጣና ካምፕ ከተተከለ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚጻፍ ጥናት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከማለት አያልፍም።

መሐንዲስ የፖለቲካውን ፍርድ የመስጠት ሥልጣን የለውም፤ ፍርዱ የሚሰጥበትን ሰነድ የማዘጋጀት ግዴታ ግን አለበት። የፍለጋ ክልል ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት የማዕድኑና የዱር አራዊቱ ካርታ በአንድ ሚዛን ተሠርቶ ሊደራረብ ይገባል። የአራዊቱ መተላለፊያም እንደ ወንዝ ተቆጥሮ፣ በየወቅቱ የሚሰፋና የሚጠብብ መስመር ሆኖ በካርታው ላይ ይግባ፤ ቆርኬው ዝናብንና ሣርን ይከተላልና። የሚመነጠር መስመር ሁሉ ሲያበቃ እንዴት እንደሚዘጋ ዋጋው አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። አኝዋኩና ኑዌሩ በየቋንቋቸው የሚያነቡት ቅጂ ይዘጋጅ። ከዚህ በኋላ መንግሥትና ሕዝብ «ይቆፈር» ቢሉ የሚጠፋውን አውቀው፣ «አይቆፈር» ቢሉም የሚቀረውን አውቀው ይሆናል።

ይህን የመሰለ ሰነድ በ2003 በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጂካው ደረቅ መሆኑ የሚያስደስትም የሚያሳዝንም ተራ የሥራ ውጤት ብቻ በሆነ ነበር። ባለመዘርጋቱ ግን የአንድ ፓርክ ዕድል በአንድ ጉድጓድ ላይ ተንጠለጠለ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቀጣዩ ፈላጊ በአየር ጤና በኩል ወደ ጋምቤላ ከመውረዱ በፊት ሁለቱ ካርታዎች አንድ ላይ ይቀመጡ።