አውራው ሲታደን መንጋው ምን ይሆናል?

ስፖርታዊ አደን ፈቃድ ያወጣ አዳኝ ገንዘብ ከፍሎ የሚያከናውነው፣ የገደለውን እንስሳ ራስ ወይም ቆዳም ለማስታወሻነት የሚወስድበት አደን ነው። ከአንበሶች መካከል ዒላማ የሚሆነው ባለ ጎፈሩ ወንድ ነው። በአፍሪካ የቀሩት የዱር አንበሶች ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል።

ጉዳዩ በስፋት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ የዚምባብዌው ሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች (በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በ2016 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል ነው) ከ1999 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ምልክት አድርገው ከተከታተሏቸው 62 አንበሶች 34ቱ ሞተዋል፤ 24ቱን የገደሉት ስፖርታዊ አዳኞች ናቸው። ምልክት ከተደረገባቸው ጎልማሳ ወንዶች ደግሞ 72 በመቶዎቹ በአዳኞች ተገድለዋል። አደኑ የሚካሄደው ከፓርኩ ወሰን ውጪ ቢሆንም፣ የሟቹን ግዛት ለመያዝ ከፓርኩ ውስጥ ሌላ ወንድ ይወጣል፤ እርሱም በተራው ይታደናል።

ጉዳቱ በሟቹ ብቻ አያበቃም። አውራው ሲሞት መንጋውን የሚወርሰው ወንድ የቀድሞውን ደቦሎች ይገድላል፤ እናቶቻቸው እያጠቡ ለስሪያ አይደርሱለትምና። አውራዎች ቶሎ ቶሎ በሚፈራረቁበት መንጋ ለአቅመ አዳም የሚደርሱት ደቦሎች ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ የሚታደነው አንበሳ ዕድሜ ወሳኝ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቢያንስ 5 ወይም 6 ዓመት የሞላቸውን ወንዶች ብቻ ማደን በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጆቹን ለማሳደግ ጊዜ አግኝቷል። አርሶ አደር የከብቱን ዕድሜ በጥርሱ እንደሚለይ ሁሉ የአንበሳ ዕድሜም በአፍንጫው ይገመታል፤ በልጅነቱ ሮዝ የነበረው አፍንጫ ከጊዜ ጋር በጥቁር ነጠብጣብ ይሸፈናል። ይህን ከሩቅ ለይቶ መተኮስ ግን ቀላል አይደለም፤ በሁዋንጌ ከተገደሉት ወንዶች ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት 4 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። በአካባቢው የአንበሳ አደን ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ሲታገድ፣ በኋላም ኮታው ሲቀነስ የወንዶቹ ቁጥር አገግሟል።

እገዳ ብቻውን ግን አንበሳን አያድንም። ኬንያ ስፖርታዊ አደንን በ1977 እ.ኤ.አ. ብታግድም፣ ከብት የተበላባቸው አርብቶ አደሮች አንበሶችን በጦርና በመርዝ መግደላቸውን አላቆሙም ነበር። በአምቦሴሊ አቅራቢያ በምቢሪካኒ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተበላ ከብት ካሳ መከፈል ሲጀምር የሚገደሉት አንበሶች ቁጥር ቀንሷል።