ከእንዶድ እስከ ጠርሙስ ሳሙና

በከላላና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ሳሙና እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት ነጠላና ጋቢ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ነው። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ዱቄቱም ለዕለቱ በሚበቃ መጠን በውሃ ይበጠበጣል። አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ ወዲህ እንዶድ በዓለም ታውቋል።

ስለዚሁ ዱቄት እምብዛም ያልተነገረው ነገር ግን ማቆያ ኬሚካል የማይሻ መሆኑ ነው። ደረቅ ነውና ተሕዋስያን አይራቡበትም። ድፍን ሳሙናም ውሃው ጥቂት፣ ባሕርዩም አልካላይ ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም። ማቆያው ግድ የሆነው ሳሙናው በውሃ ተበጥብጦ ለወራት በጠርሙስ እንዲቀመጥ ሲፈለግ ነው።

ይህ ሲባል እንዶድ ጉዳት የለውም ለማለት አይደለም፤ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ሆኖም ይህ መቆጥቆጥ እንጂ አለርጂ አይደለም። አለርጂ የያዘው ሰው ቆዳ ያንኑ ኬሚካል በጥቂቱ እንኳ ሲነካ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል። ስለሚዘገይም ታማሚው ሳሙናውን አይጠረጥርም።

በ1980ዎቹ ሁለት አይሶቲያዞሊኖኖች ተቀላቅለው በሰፊው ሥራ ላይ ዋሉ፤ አለርጂ ስለ በዛ አውሮፓ ድብልቁን ከሚሊዮን 15 እጅ ላይ ገደበችው። ከድብልቁ ሩብ ያህሉ፣ ማለትም 4 እጅ ያልሞላው፣ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ነበር። ደካማ አለርጂ አምጪ ነው ተብሎም በ2005 ለብቻው እስከ 100 እጅ ተፈቀደ፤ ከ26 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ወረርሽኙ ብዙ አልቆየም። ከ2017 ጀምሮ ታጥቦ ከማይለቅ ቅባት ፈጽሞ ታገደ፤ ታጥቦ በሚለቀው በ2018 ወደ 15 እጅ ወረደ።

ፈሳሽ ሳሙና በኢትዮጵያ ከተሞች በአነስተኛ ማምረቻዎችም ይዘጋጃል። በ200 ሊትር በርሜል 15 እጅ ማለት 3 ግራም ንጹሕ ኬሚካል፣ 100 እጅ ደግሞ 20 ግራም ነው። ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን ሁለቱን መለየት አይቻልም።