«ንጉሥ አይከሰስ» ላሉን፦ ስለ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ

ያገራችን ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ይኸው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ ደግሞ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮሃል። በጥንቱ ልማድ ይህ ቃል የተጠራበት ሰው ባለበት መቆም ነበረበት። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው፣ ወታደር ሳይነዳቸው፣ በእግራቸው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። እንግዲህ ጎረቤቱን በሕግ አምላክ የሚያቆም ሕዝብ ገዢውን እንደ ሰማይ አርቆ ተወው ማለት ነው። ከታሪካችን ትልልቅ ችግሮች አንዱ እዚህ ላይ ይመስለናል። ሕግ አለን፤ ሕጉ ግን አቀበት ላይ ይደክመዋል።

በዚህ ጽሑፍ ያንን አቀበት ለመውጣት የሞከሩ የአንዲት ሴት የፖለቲካ መሪን፣ የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ሥራ እናነሳለን። ወይዘሪት ብርቱካን የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው እንጂ የእኛ አገር ሰው አይደሉም። ነገሩን ከሐይቅ ዳር የምንጀምረው ግን በምክንያት ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ነው። የገዳሙ አለቃ «አቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አቃቤ ሰዓቱ በቤተ መንግሥቱ ከነበሩት ታላላቅ ካህናት አንዱ ነበር። የንጉሡ ሰዓት ጠባቂ ነበረው፤ ዘመነ ሥልጣኑ ግን ጠባቂ አልነበረውም። ታዲያ ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው እንዴት ያልፍ ነበር? መልሱ ከሐይቅ ብዙ ሳንርቅ እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ግሸን አምባ ላይ አለ። እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ የነገሥታቱ ወንድሞችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይመኙ እዚያ ይታሰሩ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ከእስረኞቹ አንዱ ተጠርቶ የሚነግሥበት ጊዜም ነበር፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት የኖሩት ግሸን ላይ ነው። የሥልጣን ጥያቄ በቁልፍ ይፈታ ነበር ማለት ነው። ቁልፉን የያዘ ይገዛል፤ ሌላው አምባ ላይ ይቀመጣል።

ሴቶችስ? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ታሪካችን ራሱ ሲያፈርሰው ኖሯል። የወሎን ብቻ ብናነሳ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ወይዘሮ ወርቂት ጦር አዝዘው አገር ገዝተዋል። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ እስር ሲያመልጡ የወደቁት በእሳቸው እጅ ነበር። የወርቂት ልጅ ደግሞ በዚያው ጊዜ መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ወርቂት ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው፤ ቴዎድሮስም ልጃቸውን አስገደሉባቸው። ያች እናት ጦርም ግዛትም ነበራት፤ «በሕግ አምላክ» ብላ የምትጮህበት ችሎት ግን አልነበራትም። ስለዚህ ሴት ትግዛ ወይስ አትግዛ ከሚለው ክርክር ሌላ የቆየ ጥያቄ አለብን፦ የሚገዛውን ማን ይዳኘዋል?

ይህ ጥያቄ በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ችሎት ፊት ቀረበ። በዚያ ዓመት መጋቢት ህወሓት ለሁለት ተከፈለ። ከተሸነፈው ወገን የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ የደረሳቸው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ነበሩ፤ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው። ዳኛዋም ተጠርጣሪው በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከችሎት ወጥተው ቤታቸው ሳይገቡ እንደገና ተያዙ። ፓርላማውም ወዲያው አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅ አለ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። አቶ ስዬ ለዳኛዋ ዘመድም የፖለቲካ ወዳጅም አልነበሩም። አሥር ዓመት በሥልጣን ላይ ከኖረው ድርጅት ቁንጮዎች አንዱ ነበሩ፤ ሲወድቁ «ይበላቸው!» ያለ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይመስለንም። ዝም ማለት ለዳኛዋ ይቀላቸው ነበር፤ መንግሥትም ይወደዋል፣ መንግሥትን የሚጠላውም አይቆጣም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የዋስትና መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 79 ደግሞ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ ያዛል። ዳኛዋ ያደረጉት ይህን ነው። ለወዳጅ ሲሆን ሕግ መጥቀስማ ሁላችንም እንችላለን። ከዓመታት በኋላ አቶ ስዬ ወይዘሪት ብርቱካን የመሠረቱት ፓርቲ አባል ሆኑ። ትእዛዙ በተሰጠበት ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን ከታላላቆቻችን ሰምተነዋልና ባጭሩ እንለፈው። ለግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ አራት ፓርቲዎች «ቅንጅት» በሚል ስም ተሰባሰቡ፤ ወይዘሪት ብርቱካን በቀስተ ደመና በኩል ገብተው የቅንጅቱ ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። ውጤቱ አወዛገበ፤ በሰኔና በጥቅምት በተነሳው ግጭት አጣሪ ኮሚሽኑ እንደቆጠረው 193 ሲቪሎች ተገደሉ። መሪዎቹ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ታሰሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በአራተኛው ቀን በሽማግሌዎች አማካይነት በይቅርታ ተፈቱ። በ2000 ዓ.ም. ወይዘሪት ብርቱካን «አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትህ» የተባለውን ፓርቲ አቋቁመው ሊቀመንበሩ ሆኑ።

ሁለተኛው እስር ግን ዝርዝሩ ይነገር። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ ስለ ይቅርታው አመጣጥ ተናገሩ፤ በድርድርና በሽምግልና የመጣ ነው አሉ። አገር ቤት ሲመለሱ ፖሊስ ይህን ቃል እንዲያስተባብሉ ጠየቃቸው፤ የሦስት ቀን ጊዜም ሰጣቸው። እሳቸው «ቃሌ» የሚል አጭር ጽሑፍ አውጥተው በቃላቸው ጸኑ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ተይዘው ቃሊቲ ገቡ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ተመለሰ። ለወራት ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ከረሙ፤ ትንሽ ልጃቸው ከአያቷ ጋር ቀረች። የ2002 ዓ.ም. ምርጫ እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ተካሄደ፤ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ግሸን አምባን እዚህ ላይ ብናስታውስ አይፈረድብንም። የሚፎካከሩትን ሰው ቆልፎበት ውድድር አሸነፍኩ ማለት አዲስ ጥበብ አይደለም።

መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. እንደገና ይቅርታ ጠይቀው ተፈቱ። ያኔ «ለምን ፈረመች? ለምን እስከ መጨረሻው አልጸናችም?» ያሉ ነበሩ፤ ዛሬም በቡና ቤት ጨዋታ ይህን የሚደግም ጓደኛ አናጣም። እኛ እንዲህ እንመልሳለን። ሰው ሕግ ፊት እኩል ይሁን ብሎ የታገለን ሰው በመስዋዕት መጠን መመዘን የጦር ሜዳ ሚዛን ነው። ለልጇ የተፈታች እናት ለማንም ዕዳ የለባትም። ነውሩ ሕዝብ የመረጠውን ሰው በፊርማ ከሚያስርና ከሚፈታ ሥርዓት ነው።

ደግሞም እስር ብቻውን ሰውን ዴሞክራት አያደርግም። በዚያ ዘመን ጋዜጦች ወይዘሪት ብርቱካንን ከበርማዋ ኦንግ ሳን ሱ ቺ ጋር ያመሳስሏቸው ነበር። ሱ ቺ ከረጅም የቁም እስር ወጥተው ሥልጣን ሲይዙ፣ በ2012 ዓ.ም. ሔግ ላይ ቆመው ሮሂንጋዎችን ያሳደደውን ጦር ሥራ ተከላከሉ። የታሰረ ሰው ተፈትቶ ቁልፉ እጁ ሲገባ ምን ያደርጋል? ትልቁ ፈተና ይህ ነው።

ለወይዘሪት ብርቱካንም ፈተናው መጣ። ከስደት ተመልሰው ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። የዘመነ ሥልጣን ሰዓት ጠባቂ፣ የሕዝብ አቃቤ ሰዓት ሆኑ ብንል ያምርብናል፤ ግን አናጋን። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ብዙ ጎድሎታል። ትግራይ በጦርነት ላይ ነበረች፤ ድምፅ አልሰጠችም። የታሰሩ የተቃዋሚ መሪዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ውጤት ገዢው ፓርቲ ከ436 ወንበር 410ሩን ወሰደ። በዚያ ምርጫ ግን ሁለት ነገሮች ተደርገዋል፤ እነሱን መዝግበን ማለፍ ይገባናል።

አንደኛው፣ በምርጫው ዕለት ሰብሳቢዋ በአደባባይ ወጥተው በእኛው በአማራ ክልልና በደቡብ የተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢዎች ከጣቢያ እየተባረሩ ነው፣ ይታረም አሉ። የራስን ምርጫ ጉድለት በዚያው ቀን ለሕዝብ መናገር ባገራችን የተለመደ አይደለም።

ሁለተኛው ይበልጣል። ባልደራስ የተባለው ፓርቲ እስር ቤት ያሉ መሪዎቹን፣ አቶ እስክንድር ነጋን ጨምሮ፣ በዕጩነት ሊያስመዘግብ ፈለገ። ቦርዱ አልመዘግብም አለ። ፓርቲው ከሰሰ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ለፓርቲው ፈረደ። ቦርዱ በመጀመሪያ የምርጫ ወረቀቱ ታትሟል ብሎ አንገራገረ፤ በኋላ ግን ለፍርዱ አደረና ዕጩዎቹን አስገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ያኔ የሚመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። አቶ እስክንድርም በ1998 ዓ.ም. ከወይዘሪት ብርቱካን ጋር በአንድ ዘመን የታሰሩ ሰው ናቸው። እስረኛ ባለሥልጣንን ከሰሰ፤ ባለሥልጣኗም ተሸነፉ፤ ተሸንፈውም ታዘዙ። በ1993 ዓ.ም. የዳኛዋን ትእዛዝ በር ላይ ያስቀረ አገር ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ያችው ዳኛ በተራቸው የሌላ ዳኛ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ፈጸሙት። እኛ ለወይዘሪት ብርቱካን የምንሰጠው ትልቁ ክብር በእስራቸው ሳይሆን በዚህ መታዘዛቸው ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም. በጤና ምክንያት ሥልጣኑን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ጦር ሳያሳድዳቸው፣ አምባ ሳይጠብቃቸው ወረዱ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ይህም እንደ ትንሽ አይቆጠርም።

ይህን የምንጽፈው በደህና ቀን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ድረስ መጥቶ አይተነዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙ ሰው ያለ ችሎት ታሰረ። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሕግ፣ ሕግ» የሚል ተማሪ የዋህ ይባላል። ጠመንጃ ያለው ይስቅበታል፤ ጠመንጃ የሚመኘውም ይስቅበታል። ይሁን! ወርቂት ጠመንጃ ነበራቸው፤ ልጃቸውን ግን አላዳነላቸውም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ከእኛ መሐል ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወረዳ አስተዳዳሪ፣ ምርጫ አስፈጻሚ የሚሆን አይጠፋም። ልምምዱ ግን ዛሬ ነው። የማንወደው ተማሪ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ቃሉን ሳንሰማ «ይባረር» የሚለው ፊርማ ላይ ስማችንን እናኑር ወይስ አናኑር? በተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ የእኛ ሰው ሲሸነፍ ቆጠራውን እንቀበል ወይስ ወንበር እንወርውር? ወይዘሪት ብርቱካን ለአቶ ስዬ ያሉትን «በሕግ አምላክ» እኛም ለማንወደው ሰው አንድ ጊዜ ብንለው፣ አቀበቱ ከታች ተጀመረ ማለት ነው።